ለሕፃናት የሳይነስ ኦፕራሲዮን ምን ምን መሣሪያ ይታዘዝ?

ስክራብ ከጮቄ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የምሠራው፤ ስክራብ ነርስ ነኝ፣ ለሐኪሙ መሣሪያ የማቀብል። የአንገት በላይ ሐኪም ተመድቦልን ሥራ ጀምረናል። ለአዋቂ የሚሆን የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ) የመሣሪያ ስብስብ፣ «ሴት» የምንለው፣ አለን፣ ያረጀ ቢሆንም ይሠራል። አሁን ግን ልጆች እየመጡ ነው። የአራት ዓመት፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ አፍንጫው ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ፣ ቢጫ ንፍጥ የማይለየው፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ሲያስል የሚያድር። እስካሁን ሪፈር እየጻፍን አዲስ አበባ ነው የምንልከው። ከደብረ ማርቆስ ቢነሱ እንኳን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገበሬ ከብቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ልጁን ታቅፎ፣ አልጋ ተከራይቶ ቀጠሮ ሲጠብቅ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አስተዳደሩ «ዝርዝሩን አምጡ፣ በዘንድሮው በጀት እናስገባዋለን» ብሎናል። ሐኪማችን የበኩሉን እየጻፈ ነው። እኔ ደግሞ መሣሪያውን በእጁ የያዘ፣ ያጠበ፣ የጠገነ ሰው ምክር እፈልጋለሁ። ለሌላ ክፍል ተገዝቶ አንድ ትንሽ ማገናኛ ስለጎደለው ብቻ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ዕቃ በዓይኔ አይቻለሁ። ይኼኛው እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

የልጅ ስኮፕ (አፍንጫ ውስጥ ማያው ዘንግ) የግድ ነው ወይስ በአዋቂው መሥራት ይቻላል? ማይክሮዲብራይደር፣ እየቆረጠ የሚስበው ማሽን፣ ይታዘዝ? ካታሎጉ ላይ ያለው ሁሉ የግድ ይመስላል፣ ገንዘቡ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። እስቲ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ዶ/ር አንገት በላይ

ሲስተር፣ ካታሎጉን ለጊዜው ዝጊውና ስለ ልጁ አፍንጫ ላውራ። ዝርዝሩ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ልጅ ሲወለድ ይዟቸው የሚመጣው ሳይነሶች የጉንጩና በሁለቱ ዓይኖች መሃል ያለው ኤትሞይድ ናቸው። እነሱም ትንንሽ ናቸው። ከኋላ ያለው ስፊኖይድ አየር መያዝ የሚጀምረው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው። የግንባሩ ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ ይጀምርና ጉርምስናው እስኪያልቅ ያድጋል። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ ላይ የግንባር ሳይነስ መሣሪያ ምንም አይሠራም፤ የሚከፈት ሳይነስ የለማ። ሻጩ «ሙሉ ሴት» ብሎ የግንባሩን ጠማማ ኪዩሬት (መፋቂያ) ሁሉ ከጨመረላችሁ አስወጡት፣ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

የጉንጩ ሳይነስ ወለል ሕፃን ላይ ከአፍንጫው ወለል ከፍ ብሎ ነው ያለው። እኩል የሚሆነው ወደ 12 ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ ደግሞ ገና ያልወጡ ቋሚ ጥርሶች አሉ። አዋቂ ላይ በታች በኩል በትሮካር፣ በወፍራሙ መውጊያ፣ ወግቶ ማጠብ የለመደ ሰው ልጅ ላይ እንደዚያው ቢያደርግ ጥርሱን ነው የሚያገኘው። ኤትሞይዱን ከዓይን የሚለየው አጥንት ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ በልጅ አፍንጫ ውስጥ ከዚያ አጥንት ያለሽ ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የልጅ መሣሪያ ለብቻው የተሠራው ለዚህ ነው። የአዋቂው መንጋጋ ሲከፈት ቦታውን ሁሉ ይይዘውና የምትቆርጪውን አታዪም።

እንግዲህ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የሳይነስ መሣሪያ አይደለም፣ የአዴኖይድ (ከአፍንጫ ኋላ ያለው ቶንሲል መሰል ሥጋ) ማውጫ ሴት ነው። ልጅ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ጤነኛ ልጅ ነው፤ ያንን ሁሉ ሳይነስ ብለን አናክመውም። ሥር የሰደደ የምንለው ምልክቱ ሳያቋርጥ 90 ቀን ሲሞላ ነው። እሱም መጀመሪያ በጨው ውሃ እጥበት፣ በሚነፋ ስቴሮይድ፣ ሲያስፈልግም በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ያም አልበቃ ካለ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የአንገት በላይ አካዳሚ ባወጣው የባለሙያዎች ስምምነት መሠረት እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ቀድሞ የሚሠራው ኦፕራሲዮን አዴኖይድ ማውጣት ነው። ቶንሲል ብቻውን ማውጣት ለሳይነስ አይረዳም፣ ይህንንም ለወላጆች መንገር ነው። ብዙው ልጅ በአዴኖይዱ ይሻለዋል። ሳይነስ ውስጥ ለመግባት የሚቀረን ጥቂቱ ነው።

የአዴኖይዱ ሴት ብዙ ወጪ የለውም። ቦይል ዴቪስ የአፍ መክፈቻ ከነምላስ መጫኛዎቹ፣ ግን ከትንሹ እስከ ትልቁ ሙሉ ቁጥሩ ይኑር። በየመጠኑ ኪዩሬት፣ የጉሮሮ መስታወት፣ ላንቃ ለመሳብ ለስላሳ ቱቦ (ካቴተር)፣ ደም እየሳበ አቃጥሎ የሚያቆም የሰክሽን ካውተሪ። ይህንን ከያዛችሁ ሪፈር ከሚጻፍላቸው ልጆች ብዙዎቹን እዚያው ታክማላችሁ።

ለቀረው እቀጥላለሁ፣ ታካሚ ጠራኝ።

የባንጃ እናት

ይቅርታ የባለሙያ ወሬ መሃል ገባሁ። እኔ አዊ፣ ባንጃ ነው የምኖረው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አፍንጫዋ ከተዘጋ ቆየ። እኛ አካባቢ እንደምታውቁት ሰው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል፣ ከምሽት እስከ ጧት ጭስ ነው። ይሄ ነው ያመጣባት የሚሉኝ አሉ። አማቴ ደግሞ እንጥሏን አስቆርጫት እያሉ ነው። ኦፕራሲዮን ሲባል እፈራለሁ። ቤት ውስጥ የማደርገው ነገር አለ?

ሲስተር ቡሬ

እህቴ፣ እንጥል ማስቆረጡን እባክሽ አታድርጊው። ለአማትሽም በአክብሮት አስረጃቸው። እንጥል ከሳይነስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ የሚቆርጥ ሰው ጋ ሄደው ደም ሲፈሳቸው ያመጧቸውን፣ ቁስሉ አመርቅዞ ጉሮሯቸው ያበጠውን ልጆች ተቀብያለሁ። ቴታነስና በደም የሚተላለፍ በሽታም አለ።

ጭሱ አፍንጫን ያስቆጣል፣ እውነት ነው። እሷ የምትተኛበትን ክፍል ከማድቤቱ ለይው፣ ከሰሉ በሚጨስበት ሰሞን በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዝጊ። ያ ብቻውን አያድናትም፣ ግን ሕክምናውን ያግዛል።

ጨው ውሃው እንዲህ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ አሟሚ። ለብ ሲል በንጹሕ መርፌ አልባ ሲሪንጅ፣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ አፏን ከፍታ፣ በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ብለሽ ልቀቂው። በሌላው ይወጣል። በኃይል አትግፊው፣ ጆሮዋን ያማታል። ጧትና ማታ። የተረፈውን ድፊው፣ በየቀኑ አዲስ ይፍላ። ጥሬ የምንጭ ውሃ በጭራሽ። ጥቁር አዝሙድ አፍንጫ ውስጥ መክተት፣ የዳማከሴ ጭማቂ ማንጠብጠብ ይቅር፤ ልጅን ያቃጥላል።

ዶ/ር አንገት በላይ

እህቴ፣ ሲስተር ያለችውን ሁሉ እኔም እላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ልጅሽ ከጉንፋን ጋር ዓይኗ ዙሪያ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ዓይኗ ወደ ውጭ ከተገፋ፣ ማየት ካስቸገራት፣ ወይ ከትኩሳት ጋር ኃይለኛ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሺ። ከኤትሞይድ ያለው መግል ያንን ስስ አጥንት አልፎ ዓይን ጎን ሊጠራቀም ይችላል። በሰዓታት ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ዓይኗ ስላበጠ «ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ጠበል ብቻ ሲያመላልሷት ዘግይታ የምትመጣ ልጅ አለች። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፣ ግን ሆስፒታሉ ይቅደም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ።

ስኮፕ። የአዋቂው 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የልጅ 2.7። የግድ ነው ወይ ላልሽው፣ ለትልልቅ ልጆች በ4ቱ እሠራለሁ፣ ብርሃኑ ይሻላል፣ ምስሉ ሰፋ ይላል፣ ቶሎም አይሰበርም። ትንንሾቹ ላይ ግን 4ቱ ራሱ ቀዳዳውን ሞልቶት መቁረጫው የሚገባበት ያጣል። አንድ ባለ 0 ዲግሪ እና አንድ ባለ 30 ዲግሪ የ2.7 ይኑራችሁ። በጀት ለአንድ ብቻ ከበቃ እኔ ባለ 30ውን እመርጣለሁ፣ የጉንጩን ቀዳዳ የሚያሳየው እሱ ነው። 70 ዲግሪው ከአዋቂው ሴት ካላችሁ በቂ ነው።

መቁረጫዎች። ብሌክስሊ የሚባለው ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ቀጥና ወደ ላይ የታጠፈ፣ በትንሹ ቁጥር። ግን ብሌክስሊ ይይዛል እንጂ አይቆርጥም፤ ስትጎትቺው ሽፋኑን ልጦት ይመጣል። አጥንቱ ከተራቆተ ደግሞ ጠባሳ ይበቅልና ያንን የከፈትሽውን ቀዳዳ መልሶ ይዘጋዋል። ለልጅ ዋናው ገንዘባችሁ በልቶ የሚቆርጠው፣ ትሩ ከት የሚሉት ላይ ይውጣ። ቀጥ ያለ አንድ፣ የታጠፈ አንድ።

ባክባይተር፣ ወደ ኋላ የሚነክሰው መቁረጫ። ይሄን በደማቁ ጻፊልኝ። የልጅ ቁጥር ያለው፣ ዙሪያውን የሚዞር። ወደ ጉንጩ ሳይነስ መግቢያውን የሸፈነ አንሲኔት የሚሉት ቀጭን ጠማማ አጥንት አለ። አዋቂ ላይ በማጭድ ቢላ ከፊት ወደ ኋላ ይሰነጠቃል። ልጅ ላይ ግን ከአንሲኔቱ ኋላ ወዲያው ዓይን ነው፣ ቢላው ትንሽ ጠለቅ ካለ አለቀ። ባክባይተሩን ከኋላው አሳልፈሽ ወደ ራስሽ ነው የምትነክሽው፣ አፉ ከዓይን እየራቀ ይመጣል። ጠንካራ አጥንት ሲነካ ማቆም ነው፣ ከፊቱ የእንባ ቱቦ አለ። የአዋቂው ባክባይተር የአምስት ዓመት ልጅ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አፉን መክፈት አይችልም። ሞክረሽው ታውቂያለሽ ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ያለበት ሲከር (መፈለጊያ ዘንግ)፣ ፍሪየር (ሽፋን ማላቀቂያ)፣ ትንንሽ ቀጥና ጠማማ ሰክሽን። ሲከሩ ርካሽ ነው፣ ግን የተፈጥሮ ቀዳዳውን ፈልጎ የሚያገኘው እሱ ስለሆነ ሁለት ይኑር።

ሬዚደንት ጣና ዳር

ዶክተር፣ ማይክሮዲብራይደሩን ዘለሉት። እኔ በምማርበት ቦታ ያለ እሱ የልጅ ሳይነስ አይነካም። እየቆረጠ እየሳበ ስለሚሄድ ደሙ የሐኪሙን እይታ አይጋርድም። 2.9 ሚሊ ሜትር የልጅ ብሌድ (መቁረጫ ምላጭ) አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ሳይነስ ሲገባ ከጀመሩት መሃል የሕፃናት አንገት በላይ ሐኪሞች ነበሩበት። ሽፋኑን አይልጥም፣ ፖሊፕ (ከሽፋኑ የሚበቅል ለስላሳ ሥጋ) ላይ ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም።

ዶ/ር አንገት በላይ

ወንድሜ፣ ጥቅሙን አልክድም። እኔም አግኝቼ ስሠራበት ደስ ይለኛል። የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ብሌዱ የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ይፈልጋል። ማሽኑን ገዝቶ ብሌድ ያለቀበት ሆስፒታል ማሽኑ የለውም ማለት ነው። ወይ ደግሞ ያንኑ ብሌድ አጥበው ደጋግመው ይጠቀሙበታል፣ ውስጡ በብሩሽ የማይደረስ ቱቦ ነው፣ የሌላ ልጅ ሥጋ ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። ይህንን ማድረግ አልፈልግም።

ሌላው አደጋው ነው። ያ መሣሪያ መርጦ አይስብም። የዓይኑ ግድግዳ ላይ ትንሽ ክፍተት ካለና የብሌዱ መስኮት ወደዚያ ከዞረ የዓይን ስብ፣ ከዚያም ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ በቅጽበት ይስባል። በእጅ መቁረጫ አንዴ ነክሰሽ ታቆሚያለሽ። በዚህ ግን እግርሽን ከፔዳሉ እስክታነሺ ድረስ የሆነው ሆኗል። ለጀማሪ ማዕከል መጀመሪያ ጥሩ የእጅ መቁረጫ፣ የብሌድ አቅርቦቱ በውል ሲታሰር ማሽኑ። ባሉኑም እንዲሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፣ ሽፋን ሳይቆርጥ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ግን እሱም የአንድ ጊዜ ነው፣ ዋጋውም የትየለሌ። ለእኛ አሁን አይደለም።

ሬዚደንት ጣና ዳር

የብሌዱ ነገር እውነት ነው፣ እዚህም አልቆ ኦፕራሲዮን ሲተላለፍ አይቻለሁ። ግን በጨረታው ላይ ማሽኑና የሁለት ዓመት ብሌድ አንድ ላይ ቢጠየቅስ? ለብቻ ለብቻ ሲገዛ ነው የሚቀረው። የአንትሮኮአናል ፖሊፕ፣ ከጉንጩ ሳይነስ ተነስቶ ወደ አፍንጫ ኋላ የሚንጠለጠለው፣ ያለበት ልጅ ሲመጣ ግንዱን ከጉንጩ ሳይነስ ውስጥ ነቅሎ ለማውጣት እሱ ባይኖር እቸገራለሁ። ግንዱ ከቀረ መልሶ ይበቅላል።

ዶ/ር አንገት በላይ

አንድ ላይ ከተጠየቀ እስማማለሁ። እንደዚያ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ይግባ፣ ግን ከባክባይተሩ በታች ይጻፍ። ገንዘቡ ካጠረ ከታች ነው የሚቆረጠው።

ሰመመን ሰጪው

በእኔ በኩል ያለውንም ጻፉልኝ። መሣሪያ ሲባል ሁልጊዜ የሐኪሙ ብቻ ይታሰባል።

የልጅ ደም በኪሎ ከ75 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው። 12 ኪሎ ልጅ አንድ ሊትር እንኳን የሚሞላ ደም የለውም ማለት ነው። 100 ሚሊ ሊትር ሲፈስ ከአሥር አንዱን አጥቷል። የሰክሽን ጠርሙሳችን ደግሞ ባለ ብዙ ሊትር ነው፣ ከሥሩ ያለችው 100 ሚሊ ሊትር በዓይን አትታይም። በየ10 ሚሊ ሊትሩ መስመር ያለው ትንሽ የሰክሽን መሰብሰቢያ እዘዙ። ለማጠቢያ የገባውን ሳላይን (ጨው ውሃ) የሚመዘግብ ሰው ይኑር፣ ካልሆነ ደሙና ውሃው ተደባልቆ ማወቅ አይቻልም።

ደም እንዲቀንስ የሚደረገው አድሬናሊን። ጥጡን ነክረው አፍንጫ ውስጥ የሚከቱት ከ1000 እጅ አንድ የሆነው ብርቱ መድኃኒት ነው። በመርፌ ከሚሰጠው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱም ውሃ መስለው፣ ሁለቱም ሲሪንጅ ውስጥ ሆነው ማየት ያስፈራኛል። የሚነከረው ሲሪንጅ ውስጥ አይግባ። ሰፋ ያለ ስኒ ውስጥ ይሁን፣ ቀለም ይጨመርበት፣ በትልቁ «ለመንከር ብቻ» ተብሎ ይጻፍበት። ጥጡ ክር ያለው ይሁን፣ ገብቶ የወጣው ይቆጠር። የጉሮሮ ማሸጊያውም እንደዚያው፣ ሲገባ ሰሌዳው ላይ፣ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ። ቱቦ ከተነቀለ በኋላ ጉሮሮው ውስጥ የቀረ ጨርቅ ልጁን ያንቀዋል።

ስክራብ ከጮቄ ሥር

ይሄን የሰክሽኑን ነገር ማንም አላነሳልኝም ነበር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዓይኑንስ በፕላስተር እንሸፍነው?

ሰመመን ሰጪው

ለሳይነስ አትሸፍኑት። ቅባት ብቻ ይቀባና ለሐኪሙ ይታይ። ሲሠራ ዓይኑ ከተንቀሳቀሰ ወይ ካበጠ ወዲያው ማየት አለበት። ዓይኑን ቀስ ብለሽ በጣትሽ ስትጫኚው እሱ በስኮፑ ውስጥ ግድግዳው መንቀሳቀሱን ያያል፣ የቱ ጋ እንደሳሳም ያውቃል። ድሬፑን (የኦፕራሲዮን መሸፈኛ ጨርቁን) ስታለብሺ ሁለቱም ዓይኖች ውጭ ይሁኑ።

የሞጣው አባት

እንደምን ናችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሞጣ ሰው ነኝ። ልጄን ሳይነስ ነው ብለው በየክሊኒኩ አንቲባዮቲክ ሲሰጡት ከረመ። ከግራ ቀዳዳው ብቻ ነበር የሚፈሰው፣ ሽታው ሰው አያስቀርብም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም በመብራት አየችና ሽምብራ አወጣችለት። አብጦ ተሰንጥቆ ነበር። ይህንን የጻፍኩት ሌላ አባት እንዳይጉላላ ነው። ሌላ ደግሞ ልጠይቅ፤ ወንድሜ ለልጁ የሳይነስ ኦፕራሲዮን ተብሎለት «ፊቱ ሳያድግ ጠማማ ሆኖ ይቀራል» ብለው አስፈራርተውታል። እውነት ነው?

ዶ/ር አንገት በላይ

ጋሼ፣ የጻፉት ነገር ትልቅ ነገር ነው። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚፈስና የሚሸት ንፍጥ ሳይነስ ከመባሉ በፊት ባዕድ ነገር ተፈልጎ ይታጣ። ሽምብራና ባቄላ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ስለዚህ ጨው ውሃ አይጨመርም። የሰዓትና የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥለዋል፣ ያኔ ሩጫ ነው። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ደጋግሞ የሚደማ ከሆነም ከምንጭ ውሃ የገባ አልቅት አለመሆኑን ማየት ነው። እኛ አገር ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ከብትና ሰው በአንድ ምንጭ በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ ይገኛል።

ሲስተር፣ ለዚህ ሲባል ዝርዝርሽ ላይ የአዞ አፍ ፎርሴፕስና ጫፉ የታጠፈ መንጠቆ ጨምሪ። አልቅትና ጠፍጣፋ ነገር በፎርሴፕሱ ይያዛል፤ አልቅቱ መጀመሪያ በሊዶኬይን ይደንዝዝና ሲለቅ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ድቡልቡል ዶቃ ግን በፎርሴፕስ ሲይዙት ያንሸራትትና ወደ ውስጥ ይገባል፣ መንጠቆውን ከኋላው አሳልፎ ወደ ፊት መሳብ ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

የፊት ዕድገቱን በተመለከተ ጋሼ፣ ፍርሃቱ ከምንም የተነሳ አይደለም። ዱሮ በአሳማ ግልገሎች ላይ በተደረገ ጥናት የተነካው ጎን ዕድገቱ ቀንሶ ታይቷል። በኋላ ግን ኦፕራሲዮን የተደረጉ ልጆች ዓመታት ቆይተው ተለክተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ወደ አሥር ዓመት የተከታተለ ነው፣ ካልተሠራላቸው ልጆች የፊት ልዩነት አልተገኘባቸውም። ወንድምዎ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ልጁ አዴኖይዱ ታይቷል ወይ? መድኃኒቱን በደንብ ጨርሷል ወይ? ሲቲ ስካን ተነስቷል ወይ? ያለ ሲቲ የልጅ ሳይነስ ውስጥ መግባት አይገባም።

ባዮሜዲካል ባህር ዳር

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ተበላሽቶ እኔ ጋ የሚመጣው ዕቃ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከዚያ ትነሺያለሽ።

አንደኛው 2.7 ስኮፕ ነው። ውስጡ ተደራራቢ የመስታወት ዘንግ ነው፣ ሆፕኪንስ የፈጠረው አሠራር። ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። ሰባሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ አይደለም፣ ትሪው ነው። ከከባድ ፎርሴፕስ ጋር አንድ ትሪ ውስጥ ተጥሎ ይታጠባል፣ ፎርሴፕሱ ላዩ ላይ ይወድቃል። ለስኮፑ የራሱ ክዳን ያለው ማስቀመጫ እዘዢ። ሲመጣላችሁ ሳትፈርሚ በዓይንሽ እይበት፣ በአንዱ ጎን ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ጥላ ካለ ዘንጉ ታጥፏል። ጫፉን ወደ መስኮት አዙረሽ የብርሃን ኬብል የሚገባበትን ብታዪ ነጥብ ነጥብ ጥቁር ከበዛበት የብርሃን ክሮቹ ተበጥሰዋል። ተመላሽ አድርጊው።

ሁለተኛው በረኪና ነው። በ0.5 ፐርሰንት ክሎሪን አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ ዱሮ ሁላችንም የተማርነው ነው፣ እስካሁንም የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ለእነዚህ መሣሪያዎች ግን ሞት ነው። የትሩ ከቱ ምላጭ ሁለቱ ጎን ሲገናኙ በጣም ተጠጋግተው ነው የሚተላለፉት፣ ክሎሪኑ ጠርዙን ይበላዋል፣ ከዚያ ማኘክ ይጀምራል እንጂ አይቆርጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመታጠብ በፊት ፀረ ተህዋስያን ውስጥ መዘፍዘፍን አይመክርም። ሳላይን ውስጥም አታቆዩት፣ ጨዉ ብረቱን ይበሳዋል። እንደተጠቀማችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ በኢንዛይም ሳሙና፣ መንጋጋውን ከፍታችሁ፣ በቀጭን ብሩሽ። መገጣጠሚያውን ቀቡ። ከዚያ አውቶክሌቭ፣ የእንፋሎት ማምከኛው። ስኮፑን ግን ላዩ ላይ አውቶክሌቭ ይቻላል የሚል ምልክት ከሌለው አትክተቱት፤ በግሉታራልደሃይድ (ማምከኛ ፈሳሽ)፣ ከዚያ በስቴራይል ውሃ በደንብ አለቅልቁ።

ለአውቶክሌቩ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። ኖራው ነጠብጣብ ሆኖ መገጣጠሚያው ላይ ይቀመጣል፣ ዝገት ከዚያ ይጀምራል።

ስክራብ ከጮቄ ሥር

እኛም ጋ በረኪናው አለ። ነገ ከማጠቢያ ክፍሉ ልጆች ጋ ቁጭ ብዬ እነጋገራለሁ። ሌላ፣ አቅራቢዎቹ ሁለት ዋጋ ነው የሚሰጡን። የጀርመን፣ የቱትሊንገን የሚሉት አለ፤ የፓኪስታን፣ የሲያልኮት ደግሞ ዋጋው በጣም ይወርዳል። ሐኪማችን የመጀመሪያውን ነው የሚለው፣ ግዢ ክፍሉ ሁለተኛውን።

ባዮሜዲካል ባህር ዳር

በአገር ስም አትከራከሩ። ሲያልኮት ለዓለም ሁሉ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ከተማ ነው፣ ጥሩም መናኛም ይወጣዋል። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ የሚለካ ነገር ጻፊ። ናሙና ይቅረብ በሉ። እርጥብ ስስ ጨርቅ ወይ የጓንት ላስቲክ በትሩ ከቱ ቁረጪበት፤ ጠርዙ እኩል ወጥቶ ከተቆረጠ ደህና ነው፣ ከተጎተተ ወይ ክር ካስቀረ አይሆንም። ባክባይተሩን አዙሪው፣ ሲቆም መወላወል የለበትም። እንዲህ ካደረጋችሁ ፍሪየር፣ ሲከር፣ ሰክሽን፣ የአዴኖይድ ኪዩሬት ከርካሹ ውሰዱ፣ ምንም አይሆኑም። ስኮፑንና ትሩ ከቱን ከውዱ። ዋስትናና መለዋወጫ በጽሑፍ ይሁን።

ዶ/ር አንገት በላይ

ይሄ ክፍፍል ትክክል ነው። እኔም በራሴ ገንዘብ ብገዛ እንደዚያው ነው የማደርገው። ባክባይተሩን ግን ከውዱ ጋ ደምሩልኝ።

የባንጃ እናት

ጨው ውሃውን ጀመርኩላት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ አሁን ራሷ ጎንበስ ትላለች። ንፍጡ ወፈር ብሎ እየወጣ ነው። የጤና መድን ደብተር አለን፣ አዴኖይዱን ለማሳየት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ማጻፍ አለብኝ አይደል?

ሲስተር ቡሬ

አዎ እህቴ፣ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሪ፣ ደረጃውን ጠብቀሽ ካልሄድሽ መድኑ ላይሸፍንልሽ ይችላል። ደብተሩ መታደሱን አስቀድመሽ እይ። ስትተኛ ታንኮራፋ እንደሆነ፣ ትንፋሿ ቆም የሚል እንደሆነ ማታ ማታ አስተውዪና ለሐኪሙ ንገሪው። በስልክሽ ብትቀርጪው ደግሞ በጣም ይረዳዋል።

ስክራብ ከጮቄ ሥር

ዝርዝሩን አስተካክዬ ጨርሻለሁ፣ ከአዴኖይድ ሴቱ ነው የሚጀምረው። ማይክሮዲብራይደሩ ከሁለት ዓመት ብሌድ ጋር መጨረሻ ላይ ነው። ነገ ፊርማ ይገባል። ባዮሜዲካሉ ወንድሜ፣ የቀረኝ ነገር ካለ ዛሬ ንገረኝ። ካሜራችንና የብርሃን ምንጫችን የቆየው የአዋቂው ነው።

ባዮሜዲካል ባህር ዳር

እንኳን ጠየቅሽ። ያ ከነካርቶኑ ቀረ ያልሽው ዕቃ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። የብርሃን ኬብሉ ጫፍ እንደየፋብሪካው ይለያያል፤ ስቶርዝ፣ ዎልፍ፣ ኦሊምፐስ እኩል አይገቡም። አሁን ያላችሁ ኬብል ጫፍ ላይ ያለውን አይተሽ፣ ፎቶ አንስተሽ፣ «ከዚህ ጋር የሚገጥም አስማሚ ይካተት» ብለሽ ጻፊ። ኬብሉም ራሱ ቀጠን ያለ ለ2.7 የሚሆን ቢታዘዝ ይሻላል፣ ወፍራሙ ብርሃኑን ወደ ቀጭኑ ዘንግ አያስገባውም፣ ጫፉን ያግለዋል እንጂ። የጋለ የኬብል ጫፍ ድሬፕ ላይ አይቀመጥ፣ ያቃጥላል። ካሜራው ላይ ደግሞ 2.7ቱ ምስል ትንሽ ክብ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ዙም ያለው ካፕለር (ስኮፑን ከካሜራው የሚያገናኘው) ጠይቂ። ፎቶውን ዛሬ ማታ ላኪልኝ፣ የትኛው እንደሆነ አይቼ ከፊርማው በፊት እነግርሻለሁ።